የአውራ ጣት ማር

ያን ጊዜ ደሴ ላይ ሰው ሲጠይቀኝ መካነ ሰላም አስተምራለሁ እላለሁ እንጂ ሚሲዮን ቤት ነው አልልም ነበር። ሚሲዮን ያልሁ እንደሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ማተብሽን በጠስሽ ወይ የሚል ነው። አልበጠስሁም። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔም ከመምህራን ማሠልጠኛ መውጣቴ ነበር፤ ሥራ የሰጠኝም ሚሲዮኑ ብቻ ነው። ከደሴ በጭነት መኪና ተሳፍሬ፣ አቧራ ጠጥቼ፣ ወገቤ ተቀጥቅጦ ስደርስ በሩ ላይ የተቀበለችኝ ሴት ገና ሰላም ሳትለኝ አንዲት ንፍጧ የተዝረከረከ ሕፃን አስታቀፈችኝና ወደ ጓዳ ሮጠች። ወጡ እያረረባት ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ስለነበር ክፉኛ ተናደድሁ።

እኛ ሲስተር እንላት ነበር። የከተማው ሰው ሲያሻው ፈረንጇ፣ ሲያከብራት እማሆይ ይላታል። ረጅም ናት፣ ፊቷ በፀሐይ ተልጧል፣ እጆቿ እንጨት ሲፈልጡ የኖሩ ይመስላሉ። አማርኛዋን ከልጆቹ ስለተማረች ትልልቅ ሰዎችን ሳይቀር እንደ ሕፃን ነበር የምታናግራቸው። ቤቱ ውስጥ ወላጆቻቸውን ወረርሽኝ የጨረሰባቸው፣ መንገድ ዳር የተገኙ፣ እናቶቻቸው ማሳደግ አቅቷቸው ያመጧቸው ልጆች ነበሩ። የክርስቲያንም የእስላምም ልጆች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይማራሉ፣ ሥጋ ከተገኘ ብቻ ድስታቸው ይለያል።

ከተማው ጠላታችን አልነበረም፤ ወዳጃችንም አልነበረም። ካህናቱ በጎሪጥ ያዩናል። ሼሆቹም እንዲሁ። ሁለቱ ወገን የሚስማሙበት አንድ ነገር ነበር፤ የሚሲዮን ልጅ ዘመድ የለውም ይላሉ። ይህ በወሎ ቦረና ቀላል ቃል አይደለም። ዘመድ የሌለው ሰው ሲያገባ ሰባት ቤት የሚቆጥርለት፣ ሲጣላ የሚሸመግልለት፣ ሲሞት የሚቀመጥለት የለም። ስለዚህ ሰው ልጆቻችንን አይበድላቸውም፤ ግን በገበያ መካከል ሲያልፉ ዓይኑ በላያቸው አልፎ ይሄዳል። እኔን ይህ ያንገበግበኝ ነበር። ሲስተርን ግን የሚያንገበግባት ጣራው ነበር።

ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ዐውሎ ነፋስ ልጆቹ የሚተኙበትን ረጅም የሣር ቤት ጣራውን ገልጦ ወሰደው። ሲስተር ሰዎቹ ለቅሬ በተሰበሰቡበት ቀን ሄዳ እንደምትለምናቸው ነገረችኝ። ቅሬ በወሎ የቀብርና የለቅሶ ማኅበር ነው፤ ሰው ሲሞትበት የሚያለቅሱለትና የሚቀብሩለት እነሱ ናቸው። እኔ አትሂጂ፣ ለሚሲዮን ብሎ እጁን የሚያነሣ የለም አልኋት። ሄደች። መካከላቸው ቆማ ልጆቹ ሊበሰብሱ ነው ብላ ብቻ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግቢያችን በሰው ሞላ። ሣር የተሸከመ፣ ጠፍር የያዘ፣ መሰላል የጎተተ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ደቦ ወጥቶ መጣልን። አፌን ይዤ ቀረሁ።

ለደቦው ሁለት በግ ታረደ፤ አንዱን የእስላም እጅ፣ ሌላውን የክርስቲያን እጅ ባረከው፤ ሁለት ድስት ተጣደ። ሲስተር ከየትኛው ልብላ ብላ ስትጨነቅ ሽሮሽን ብዪና አርፈሽ ተቀመጪ አልኋት። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አንድ ሼህ ነበሩ፤ ለልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ነገር የሚያበርዱ፣ ለክርስቲያኑም ዳኛ የሆኑ ሰው። ለልጆቹ ብለው ከራሳቸው ቀፎ የወጣ ማር በቅል አምጥተው ነበር።

የዚያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ትክትክ ገብቶ ልጆቹ ሲስሉ ነበር የሚውሉት። ከደሴ የመጣው ኪኒን ደግሞ እሬት ነው። ማንኪያ ገና ሲያዩ ጥርሳቸውን ግጥም ያደርጋሉ። ያን ቀን ሠራተኞቹ ምሳ በልተው ጣራውና ሣሩ ላይ አረፍ ሲሉ፣ ሲስተር ኪኒኑን ወቅጣ፣ የሼሁን ቅል ከፍታ፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረች፣ ዱቄቱን ነሰነሰችበት፣ ከፊቷ የቆመውን ልጅ አፍ ውስጥ አስገባች። ልጁ ማሩን ሲቀምስ ዓይኑ በራ፤ መጥባት ጀመረ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛዋ። እኔ እያሰለፍሁ አቀርባለሁ፤ ከትንሹ እስከ ትልቋ ሁሉም ተራቸውን ጠቡ።

ቀና ስል ግቢው ጸጥ ብሏል። ጣራ ላይ ያሉት ሰዎች ሥራ ሊጀምሩ ተነሥተው እንደቆሙ ቀርተዋል። ሼሁ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ሰዉም ሁሉ ተነሣ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ አላህ ያሳድጋቸው፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃቸው፣ እጇን አይንሣቸው አሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አለ። ለትክትክ ይህን ያህል ምርቃት ሰምቼ አላውቅም። ሲስተር እንባዋ መጣ፤ መድኃኒቱን እንደባረኩላት ነው የገባት። እኔም ያው እንደዚያው ነው የመሰለኝ፤ የደሴ ልጅ ነኝና ከዚህ የተሻለ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ወተት በጠዋት በር ላይ ተቀምጦ እናገኛለን። እሸት ሲደርስ እሸት፣ ገብስ ሲወቃ ገብስ ይመጣል። ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ቆም ብለው ልጆችሽ ደኅና ናቸው ይሏታል። የሚሲዮን ልጆች ማለታቸው ቀረ። አንድ ቀን አንዱ ልጃችን ከሰው ማሳ ባቄላ ሲቀጥፍ ተይዞ የማሳው ባለቤት ጆሮውን እየጠመዘዘ አመጣውና ለእናትህ ነው የምነግርብህ ብሎ ለሲስተር አስረከባት። ሲስተር ጸሎቴ ተሰማ ትላለች። እኔ ደግሞ ለምደውን ነው እላለሁ። ሁለታችንም ነገሩ አልገባንም ነበር።

ልጆቹን ሁሉ እወዳቸው ነበር ብል እዋሻለሁ። አንዷን ግን እወዳት ነበር። ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ እናትና አባቷን ንዳድ በአንድ ወር ወስዶባት አጎቷ በትከሻው ተሸክሞ ነው ያመጣት። ፊደሉን በአንድ ክረምት ጨርሳ፣ ከዚያ እኔ የማስተምረውን ሁሉ ጨርሳ፣ ትንንሾቹን ታስተምርልኝ ነበር። ስታስተምር እኔን ትመስላለች፤ ቁጣዬን ሳይቀር ወስዳዋለች። ደሴ ሄዳ እንድትማር ከሲስተር ጋር አስበን ነበር፤ ማደሪያዋ እናቴ ቤት ሊሆን ነው። እሷም ታውቃለች። ደሴ መብራት አለ ወይ፣ ክፍሉ ስንት መስኮት አለው እያለች ትነዘንዘኝ ነበር።

ሲስተር ግን ያን ጊዜ ልትሄድ ነበር። አገሯ ያሉት እናቷ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው እየፈዘዘ ነው። ከመጣች ጀምሮ አላየቻቸውም። አለቆቿ ሂጂ ብለዋታል፤ ተመልሳ ስለመምጣቷ ግን የተናገሩት የለም። የቆርቆሮ ሣጥኗ ታስሮ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ስለ እናቷ ስታወራ፣ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ስላለው ቤታቸው፣ ስለ ላሞቻቸው፣ ጠዋት ጠዋት ስለሚጋግሩት ጥቁር ዳቦ ስታወራ ፊቷ የልጅ ፊት ይሆናል። ማምሻውን ልጆቹ ከበዋት ሌላ ተረት አንፈልግም፣ የእናትሽን ንገሪን ይሏት ነበር።

በዚህ መሀል የልጅቷ አጎት መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፣ ለደኅና ሰው ልጅ ሰጥቻታለሁ፣ ቃሌ ወጥቷል፣ ልወስዳት ነው አለ። ሲስተር አይሆንም አለች። እኔ ጮህሁበት። እሱ ግን እኔን እንደ ዝንብ አልፎ የወንድሜ ልጅ ናት፤ እናንተ ምኗ ናችሁ አለ። አውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤት ሄድን፤ እዚያም ዘመድ ዘመድ ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱ ብለው መለሱን። ልጅቷ ያን ሁሉ ቀን አላለቀሰችም። ትንንሾቹን ሰብስባ ፊደል ስታስቆጥር ዋለች።

ሽማግሌዎቹ ከግቢያችን ውጪ ባለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ሼሁ መካከል፣ አንድ አዛውንት ቄስ በቀኛቸው። አጎትየው ነገሩን በሥርዓት ተናገረ። ሼሁ ሰምተውት ሲያበቁ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ልጅቷ እኮ እናት አላት፣ እናቷን ሳታስፈቅድ እንዴት ሰጠሃት አሉት። እናቷ ሞታለች አለ። የሞተችውን አይደለም አሉ ሼሁ፤ በፊታችን ማር ያጠባቻትን ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። በዚያ አገር ሰው የሌላውን ልጅ የራሴ ነው ሲል በምስክር ፊት አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባዋል፤ ልጁ የጡት ልጁ ይሆናል። ከሥጋ ልጅ አያንስም። ስለዚህ ወግ ደሴ ሳለሁ ሰምቼ ነበር፤ በዓይኔ እያየሁት ግን አላወቅሁትም። ያ ሁሉ ሰው ጣራ ላይ ቆሞ ያየው ሌላ ነው። ባል የሌላት አንዲት የባዕድ አገር ሴት፣ አገር ተሰብስቦ ሳለ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ዘመድ የለውም የተባለውን ልጅ ሁሉ አንድ በአንድ ስትወልድ ነው ያዩት። ወተቱም ገብሱም ለእሷ አልነበረም። ዘመድ ላገኙ ልጆች ነበር የመጣው።

ሼሁ ወደ ሲስተር ዞሩ። «እማሆይ፣ በሀቂቃ ይንገሩን። ያን ቀን ማሩን ሲያጠቧቸው እንደ እናት ነው?»

ዓይን ዓይኗን አየኋት። አዎ በይ፤ ሌላ ምንም አትጨምሪ፤ አዎ ብቻ።

«አይደለም» አለች። «መድኃኒቱ መራራ ነበር። ስለ መድኃኒቱ ነው። ይህን ወግ አላውቅም ነበር።»

በጥፊ ባጮላት ደስ ይለኝ ነበር። እግዚአብሔር ራሱ አንድ ቃል ብትዋሽ ፊቱን ያዞርላት ነበር እያልሁ በልቤ ተሳደብሁ። ልጅቷ ከኋላዬ እጄን ያዘች። አጎትየው እንኳ አልተደሰተም፤ መሬት መሬቱን ያያል። ሰዉ እርስ በርሱ ማጉረምረም ሲጀምር ሼሁ መቁጠሪያቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኙት፤ ከዚያ አጎትየውን የዚያን ቀን የት እንደነበረ ጠየቁት። ጣራው ላይ ሣር እየከደነ እንደነበረ ተናገረ። ምን አየህ አሉት። ስታጠባ አየሁ አለ። ምንስ አልህ አሉት። ራሱን ደፍቶ አሚን አልሁ አለ።

ሼሁ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«በኪታባችን የሚያዛምደው ወተት ነው፤ ማር አይደለም። ይኼ ያገራችን ወግ ነው፤ ወጉን ደሞ በዓይናችን አይተናል። የሰጠችው አላወቀች ይሆናል። ልጆቹ ግን ጠብተዋል፤ እኛም አሚን ብለናል። እማሆይ፣ አሁን አወቁ። አውቀው ይመልሱልን፤ እናት ነዎት? ከሆኑ የዚች ብቻ አይደሉም፣ የሁሉም ነዎት። እናት ደሞ ጥላ አትሄድም። አይደለሁም ካሉም ማንም አይቀየምዎ፤ ልጅቱ ካጎቷ ጋር ትሄዳለች።»

ሲስተር ግቢውን አየች፤ ከበሩ አሻግሮ የታሰረው ሣጥኗ ይታያል። ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል። «እናቴ አርጅታለች» አለች። «ዓይኗ ሳይጠፋ እንድታየኝ ልሄድ ነበር።» ይህን ስትል ለሼሁ ብቻ የምትነግር ይመስል ነበር። ሼሁ አዎ ልጄ፣ ይህ ከባድ ነው አሉ፤ አላጣደፏትም። ሲስተር ማር አለ ወይ ስትል ጠየቀችኝ።

ሮጥሁ። ያው ቅል ነበር፤ ከሥሩ ጥቂት ቀርቶበታል። አውራ ጣቷን ነከረች። ልጅቷን ገፋ አደረግኋት፤ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ጣት መጥባት ያሳፍራል። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ተንበርክካ፣ ከነጠላው ሥር ጠባች። ሲስተር ጣቷን ስታወጣ ሰዉ ሳይታዘዝ ተነሣ። ትንንሾቹ ልጆች ማሩን አይተው ከግቢ ሮጠው መጡና ማንም ሳያሰልፋቸው ተሰለፉ፤ እነሱ ያስታወሱት ጣፋጩን ብቻ ነው። ሲስተር አንዳቸውንም አልመለሰችም። ማሩ ሲያልቅ ቅሉን እየጠራረገች ለመጨረሻዋ ሕፃን ሰጠች፤ እኔ የመጣሁ ዕለት ያስታቀፈችኝ ንፍጣሟ ናት።

አጎትየው እንግዲህ ቃሌ ወጥቷል፣ ለሰዎቹ ምን ልበል አለ። ሼሁ እናቷ እንቢ አለች በላቸው አሉት። ሰዉ ሳቀ፤ እሱም ሳያስበው ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ወይራው ሥር ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን ስሜያለሁ፣ ጾሜያለሁ፣ ታቦት ሲወጣ እልል ብያለሁ፤ እንዲያ ያለ ፍርሃት፣ ደስታ የተቀላቀለበት ፍርሃት፣ ይዞኝ አያውቅም። ሲስተር ገብታ ሣጥኗን ፈታች። ልብሷን አውጥታ ሣጥኑን ለጓዳ ሰጠችው፤ ዱቄት ይቀመጥበት ጀመር።

ልጅቷ በመስከረም ከእኔ ጋር ደሴ ሄዳ ተመዘገበች፤ ትምህርት ሲዘጋ ትመለሳለች። ለገና መጥታ ሳለች የመኪናው ሾፌር ከደሴ ቴሌግራም ይዞ መጣ። ሲስተር አነበበችው፤ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ የጀመረችውን ወተት ለልጆቹ ቀድታ ጨረሰች። ማታ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። እናቷ ተቀብረዋል። ለማንም እንዳልናገር ጠየቀችኝ፤ እዚህ የሚያውቃቸው የለምና ብቻዬን እጸልይላቸዋለሁ አለች። እኔ ግን ምስጢር አልችልም፤ ለልጅቷ ነገርኋት። ሲነጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ ቅሬው ዳኛ ስትሄድ አየኋት።

ረፋዱ ላይ የቅሬው ለፋፊ በሰፈሩ እየዞረ ሲጣራ ተሰማ። የእማሆይ ልጆች አያታቸው ስላረፉ ለቅሶ ውጡ ይላል። ሲስተር ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇ ሳሙናው ላይ ቀረ። ምን አለ አለችኝ። ነገርኋት። እንዴት አውቀው፣ ለምን ብላ ሳትጨርስ ሴቶቹ እየጮኹ በበር ገቡ። ከኋላቸው ወንዶቹ፣ ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ አጣፍተው። አልቃሿ መሀል ገብታ ሟቿ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቀች። ልጅቷ መለሰችላት፤ ባቡር አጠገብ ስላለው ቤት፣ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ጥቁሩ ዳቦ፣ ስለ ፈዘዘው ዓይን፣ በማምሻው የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። አልቃሿም ወዲያው አወረደችው፦

ልጇን ለኛ ልካ ብቻዋን የቀረች፣
ግቢ እንኳን ሳንላት ሳናያት አለፈች።

ሴቶቹ ተቀበሉ። ሲስተር ያን ጊዜ ተሰበረች። ሳሙና ባለው እጇ ፊቷን ይዛ፣ በቋንቋዋ እናቷን እየጠራች፣ እንደ አገራችን ሴት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሼሁና ሰዎቻቸው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ። ሲነሡ አጠገቧ ቆመው «አብሽሪ ልጄ» አሏት። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ በተርታ ተቀምጠዋል። ዘመድ የለውም የተባለው ሁሉ ለቅሶ ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎች ጎንበስ እያሉ አንድ በአንድ ያጽናኗቸዋል። ከመካከላቸው የሚሞትበት ሰው ኖሮት የማያውቅም ነበረ።

አጎትየው ኋላ መጣ። ሚስቱ ንፍሮ ተሸክማለች። እዚያ አገር የአንድ ቤተ ዘመድ ሰዎች ሲያለቅሱ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያጽናናም፤ የሚያጽናናው ከውጪ የመጣ ሰው ነው። እሱ የልጅቷ የሥጋ አጎት ነው። በተርታው እያለፈ እሷ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ፤ እንደ እንግዳ ጎንበስ አለና «እግዜር ያጥናሽ» አላት።

እሷም ቀና ብላ፣ የቤቱ ልጅ እንደምትለው፣ አሜን አለችው። ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት፤ ተቀመጠ።